የሂች ማራዘሚያ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? አማራጮቹና የሚቀንሱት የመጎተት አቅም

አሜሪካ ውስጥ በራሱ መኪና ተሳቢ የሚጎትት ሰው ይህ ጣጣ ሳይገጥመው አይቀርም። የፒክአፑን የኋላ በር ሲያወርድ ከተሳቢው ክሪክ ጋር ይጋጭበታል። ወይም የጂፑ ስኮርት ጎማ ከኋላ ተሰቅሎ የብስክሌት መጫኛው አልገባ ይለዋል። ወይም ጠባብ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የተሳቢው ጥግ ፓራውልቱን ሊነካው ይደርሳል። መፍትሔው ሱቅ መደርደሪያ ላይ አለ። የክንድ ያህል ርዝመት ያለው አራት ማዕዘን ብረትና አንድ ፒን ነው። ዋጋው አይከብድም፤ ለመግጠምም ደቂቃ አይፈጅም። መኪናውና ተሳቢው የሚገናኙበትን ብረት፣ ሂቹን፣ ወደ ኋላ ስለሚያስረዝም የሂች ማራዘሚያ ይባላል።

ብረቱ በራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው ማራዘሚያውን ከገጠመ በኋላም መኪናው ያንኑ ያህል የሚጎትት ይመስለዋል። አይጎትትም። ስንት እንደሚቀንስ ሳያውቁ በሀይዌይ ላይ ቤተሰብ ጭኖ መንዳት ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን እናያቸዋለን። የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ለብስክሌት ከሆነ ሂሳቡን ሠርታችሁ ግዙት። ተሳቢ ለመጎተት ከሆነ ግን መጀመሪያ ማራዘሚያ የማያስፈልግበትን መንገድ ፈልጉ።

ሂቹ ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች

ሂች የምንለው ከፓራውልቱ ስር ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረውን ብረት ነው። መሀሉ ላይ አራት ማዕዘን አፍ አለው። አፉ በትንንሽ መኪኖች 1.25 ኢንች፣ በአብዛኞቹ ኤስዩቪዎችና ፒክአፖች 2 ኢንች፣ በትልልቆቹ 2.5 ወይም 3 ኢንች ነው። ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ የተለጠፈ ወረቀት ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል። አንዱ ተሳቢው ከነጭነቱ መመዘን የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው። ሌላው ተሳቢው ኳሱ ላይ፣ ማለትም አፍንጫው በሚያርፍበት ክብ ብረት ላይ፣ ቁልቁል የሚጥለው ክብደት ነው። ይህን ሁለተኛውን ከዚህ በኋላ የኳስ ጫና እላለሁ።

ሂቾች በደረጃ ይከፈላሉ። አንደኛ ደረጃ እስከ 2,000 ፓውንድ ተሳቢና እስከ 200 ፓውንድ የኳስ ጫና ይችላል። ሁለተኛ ደረጃ እስከ 3,500 እና 350 ነው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ እንደ መኪናው ከ3,500 ጀምሮ እስከ 8,000 ፓውንድ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ያሉት የትልልቅ ፒክአፖች ናቸው። በኪሎ ማሰብ ለሚቀላችሁ፣ 3,500 ፓውንድ ወደ 1,590 ኪሎ ገደማ ነው።

ለምን ሁለት ቁጥር እንዳስፈለገ ካልገባን የማራዘሚያው ጉዳይም አይገባንም። ተሳቢውን ወደ ፊት ስትስቡት ሂቹ ላይ የሚመጣው ጉልበት አግድም ነው። ያ ጉልበት ብረቱ ረዘመም አጠረም ብዙ አይለወጥም። የሚለወጠው ቁልቁል የሚጫነው ነው። አንድ ሙሉ ባልዲ ውሃ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ፤ ከዚያ እጃችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ውሃው ያው ነው፤ ትከሻችሁ ግን አይስማማም።

በቁጥር እንየው። ሂቹ አፍ ውስጥ ገብቶ ኳሱን የሚሸከመው ብረት የኳስ መያዣ ይባላል። በተለመደው መያዣ ከሂቹ ፒን እስከ ኳሱ መሀል 9 ኢንች ገደማ አለ እንበል። ኳሱ ላይ 500 ፓውንድ ቢወርድ ፒኑ አካባቢ ብረቱን ለማጠፍ የሚታገለው ጉልበት 500 በ9 ሲባዛ ነው፤ 4,500 ይመጣል። አሁን 14 ኢንች ማራዘሚያ አስገቡ። ርቀቱ 23 ኢንች ሆነ። 500 በ23 ሲባዛ 11,500 ነው። ጭነቱ አንድ ፓውንድ እንኳ ሳይጨምር ሂቹ የሚሸከመው ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። የድሮው ጉልበት እንዳይታለፍ ከፈለጋችሁ ኳሱ ላይ ማረፍ ያለበት 195 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ መኪናው በቆመበት ነው። የመንገድ ጉድጓድ፣ የድልድይ መጋጠሚያና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲመጣ ጉልበቱ ለቅጽበት ብዙ ይጨምራል።

ብዙ አምራቾች ማራዘሚያ ሲገባ የሂቹን ሁለቱንም ቁጥር በግማሽ ቀንሱ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ ያለውን ስሌት ያየ ሰው ግማሽ መባሉ ጥብቅ ሳይሆን ለጋስ መሆኑን ያያል። አንዳንዱ አምራች ለእያንዳንዱ ርዝመት የተለየ ቁጥር ይሰጣል። አንዳንዱ የሂች አምራች ደግሞ ከነጭራሹ ማራዘሚያ አትግጠሙ ይላል። የእናንተ ሂች መመሪያ እንዲህ ካለ ጉዳዩ እዚያው አልቋል።

ትልቁን ቁጥር ሳይሆን ትንሹን ያዙ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የብዙ ወገኖቻችንን ደጅ የማይለቀውን ቶዮታ ሲየናን እንውሰድ። ከ2011 እስከ 2020 የወጣው ሲየና እስከ 3,500 ፓውንድ ይጎትታል። ከ2021 ጀምሮ የመጣው ሃይብሪድ ግን 1,500 ብቻ ነው፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ አትሳሳቱ።

እንግዲህ የ2015 ሲየና አላችሁ እንበል። የተገጠመለት ሂች ላይ 5,000 እና 500 ተጽፏል። የገዛችሁት ማራዘሚያ ላይ 3,500 እና 350 ተጽፏል። ኳሱ 6,000 ይላል። መኪናው 3,500፣ ማራዘሚያው 3,500፣ ሌላው ከዚያ በላይ ስለሆነ ሁሉም የተስተካከለ ይመስላል። አይደለም። ሂቹ በግማሽ ሲቀነስ 2,500 እና 250 ሆኗል። የእናንተ ወሰን አሁን ይሄ ነው። ሂቹ ከመጀመሪያውም 3,500 ቢሆን ኖሮ 1,750 እና 175 ላይ ትወርዱ ነበር። ያ ትንሽ ክፍት ተሳቢና ጥቂት የቤት ዕቃ ነው።

በትልቅ ፒክአፕ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሂቹ 10,000 እና 1,000 ከሆነ ግማሹ 5,000 እና 500 ነው። ማራዘሚያው ግን አሁንም 3,500 እና 350 ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ደካማው ማራዘሚያው ራሱ ነው። መኪናው፣ የተቀነሰው ሂች፣ ማራዘሚያው፣ የኳስ መያዣው፣ ኳሱ፤ አምስቱን ጻፉና ትንሹን አክብቡበት።

ወደ ሹፌሩ በር ፍሬም ዞር ብላችሁም የተለጠፈውን እዩ። የሰዎችና የዕቃ ጠቅላላ ክብደት ከስንት እንዳይበልጥ ተጽፏል። የኳስ ጫና ከዚያ ላይ ይቆረጣል። ሰባት ሰውና ሻንጣ በተጫነበት ሲየና ለኳሱ የሚተርፈው ከምትገምቱት ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሰው የሚገባበት ወጥመድ

የኳስ ጫናው ወሰን 250 ብቻ መሆኑን ያወቀ ሰው ሊያደርገው የሚችል አንድ ነገር አለ። ተሳቢው ላይ ያለውን ዕቃ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ኳሱ ይቀልለታል፤ ወሰኑ ውስጥም ይገባል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

የኳስ ጫና ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። 3,500 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ ከ350 እስከ 525 ኳሱ ላይ መጣል አለበት ማለት ነው። ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ውዝዋዜው እያደገ ሄዶ መኪናውን ከመስመር የሚያወጣ ነው። ማራዘሚያው ራሱ ኳሱን ከኋላ አክስል ስለሚያርቀው ተሳቢው የመኪናውን ቂጥ ለመገፍተር የበለጠ አቅም ያገኛል። ሁለቱ ሲደመሩ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ ጫናው ከበዛ የሚቀነሰው ጠቅላላው ጭነት ነው፤ ቦታ ማቀያየር መፍትሔ አይደለም።

የኳስ ጫናን ቤት መለካት ይቻላል። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን፣ ጠንካራ አጠና፣ ሁለት የቧንቧ ቁራጭና አንድ ብሎኬት ይበቃል። አጠናውን በአንድ በኩል ብሎኬቱ ላይ፣ በሌላ በኩል ሚዛኑ ላይ በቧንቧዎቹ አሳርፉት። በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል 3 ጫማ ይሁን። የተሳቢውን አፍንጫ ከብሎኬቱ 1 ጫማ፣ ከሚዛኑ 2 ጫማ ርቀት ላይ አሳርፉት። ሚዛኑ ያሳየውን በ3 አባዙ። 90 ካለ የኳስ ጫናው 270 ነው። ስትለኩ ተሳቢው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ ጎማው በድንጋይ ይታገድ፣ ጭነቱም ለጉዞ እንደሚሆነው ይሁን።

ከባድ መኪና ለሚነዱት ደግሞ የጭነት መኪና ማረፊያዎች ላይ ያለው ካት (CAT) የሚባለው የመኪና ሚዛን የዕለት ዕንጀራቸው ነው። መኪናውን ከተሳቢው ጋር መዝኑ። ከዚያ ተሳቢውን ፈትታችሁ መኪናውን ብቻ መዝኑ። የመኪናው አክስሎች ላይ የታየው ልዩነት የኳስ ጫናው ነው። ሚዛን የሚያውቅ ዘመድ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

አማራጮቹ

ተራው ማራዘሚያ፣ ማለትም አንድ ቱቦ ብቻ ያለው፣ ርካሽና በየሱቁ የሚገኘው ነው። ጉዳቱን ከላይ አይታችኋል። አንድ የምጨምረው መላወሱን ነው። ቱቦው ሂቹ አፍ ውስጥ እንዲገባ ትንሽ ክፍተት አለው። ማራዘሚያው ሲገባ ክፍተቱ ሁለት ቦታ ይሆናል። ገጥማችሁት ጫፉን በእጃችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። አፉ ጋ ለዓይን የማይታየው መላወስ ጫፉ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ድምፁም ቋ ቋ ይላል። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ያ መላወስ እንደ መዶሻ ብረቱን ይመታል። ሂቹንና ማራዘሚያውን ጠርቆ የሚይዝ ማጥበቂያ ይሸጣል። ድምፁን ይቀንሳል፣ ብስክሌት ሲጫን ደግሞ በጣም ይረዳል። አቅም ግን አይመልስም።

ሁለተኛው ረጅም የኳስ መያዣ ነው። ከተለመደው የረዘመ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ብረት ነው። የሚያስፈልጋችሁ ርቀት ጥቂት ኢንች ብቻ ከሆነ ከማራዘሚያ ይህን እመርጣለሁ። መጋጠሚያው አንድ ብቻ ስለሆነ መላወሱ ያንሳል፣ የሚወልቅ ፒንም አንድ ይቀንሳል። ነገር ግን ብረቱ ላይ 7,500 ተጽፎ አይቶ ልቡ የሚያርፍ ሰው አለ። ሂቹ የሚያውቀው ርቀቱን ነው። ኳሱን እዚያው ርቀት ላይ ካስቀመጣችሁት በማራዘሚያም ሆነ በረጅም መያዣ ሂቹ የሚሸከመው ጉልበት አንድ ነው። ስለዚህ መያዣው ከተለመደው በብዙ ከረዘመ ሂቹንም ዝቅ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ሦስተኛው ከ1.25 ኢንች ወደ 2 ኢንች የሚቀይረው አስማሚ ነው። ትልቁን የብስክሌት መጫኛ ለትንሽ መኪና ለመግጠም ይገዛል። ሰው ማራዘሚያ አይለውም፤ ግን ብዙዎቹ ኢንቾችን ስለሚጨምሩ ሥራቸው የማራዘሚያ ነው። አፉ 2 ኢንች ስለሆነ ብቻ ሂቹ ሦስተኛ ደረጃ አይሆንም። ያው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ እንዲያውም ከዚያ ያንሳል። በእሱ ተሳቢ መጎተት አልመክርም። በተቃራኒው ትልቁን አፍ ወደ 2 ኢንች የሚያጠብበው እጅጌ ርዝመት ስለማይጨምር በዚህ በኩል ችግር የለውም።

አራተኛው ባለ ሁለት ቱቦ ማራዘሚያ ነው። ይህ ፒክአፕ ላይ የሚጫነውን የማደሪያ ቤት፣ ካምፐር፣ ለያዙ ሰዎች የተሠራ ነው። ካምፐሩ ከመኪናው ቂጥ አልፎ ስለሚወጣ ያለ ረጅም ማራዘሚያ ተሳቢ ማሰር አይችሉም። መፍትሔው አንዱ ከአንዱ በላይ የሆነ ሁለት አፍ ያለው ልዩ ሂችና ሁለቱም አፎች ውስጥ የሚገባ በብረት የተጋገዘ ማራዘሚያ ነው። ጉልበቱ ለሁለቱ ቱቦዎች ስለሚከፋፈል በእውነት ከባድ ተሳቢ መጎተት ይቻላል። ቶርክሊፍት የሚባለው ኩባንያ በዚህ ይታወቃል። ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሂቹን ራሱን መቀየር ይጠይቃል። ካምፐር ከሌላችሁ አትጨነቁበት።

ጭነትን ወደ ፊት ጎማዎች የሚመልሰው የክብደት ማከፋፈያ ሂች ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ባለ ብረት ክንዶቹን ማከፋፈያ ከተራ ማራዘሚያ ጋር መጠቀም በአብዛኞቹ አምራቾች የተከለከለ ነው። ክንዶቹ ማራዘሚያውን ካልታሰበለት አቅጣጫ ያጣምሙታል።

ሳታራዝሙ መገላገል

አምስተኛው አማራጭ ማራዘሚያውን ጭራሽ መተው ነው። ተሳቢ ለሚጎትት ሰው እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። የተጋጨባችሁ ምን እንደሆነ ቁሙና እዩት።

የኋላ በሩን የሚመታው ብዙ ጊዜ የተሳቢው ክሪክ እጀታ ነው። ክሪኩን ወደ ጎን በሚተኛ መቀየር ይቻላል። እጀታው ከላይ ሳይሆን ከጎን የሚዞርም አለ። ጥቂት ብሎን ፈትቶ መግጠም ነው፤ ከመኪናው አቅም ላይ አንድም ፓውንድ አይነካም። ከ2019 ሞዴል ጀምሮ የመጣው የጂኤምሲ ሲየራ ባለ ብዙ መታጠፊያ በር ደግሞ የውስጠኛው በር ሲወርድ የኳስ መያዣውን ይመታል። መፍትሔው በሩን ከማውረዳችሁ በፊት የኳስ መያዣውን መንቀል ነው።

መታጠፍ ላይ ለሚጋጭባችሁ፣ የተሳቢውን አፍንጫ ራሱን በሙያው በታወቀ በያጅ ማስረዘም ይቻላል። ሂቹ ምንም አይነካም። ረዘም ያለ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳም ረጋ ይላል። ግን የተሳቢው ብረት ውፍረት ይህን መቻል አለበት። የተሳቢውን አምራች ሳትጠይቁ አታስነኩት። በጓሮ ብየዳ የሚሠራ ነገርም አይደለም።

የብስክሌት ጉዳይ

ማራዘሚያ ተገቢ ቦታው ይህ ነው። ቢሆንም ሂሳብ አለው። አንደኛ ደረጃ ሂች 200 ፓውንድ ይችላል፤ በማራዘሚያ 100። መጫኛው 50 ፓውንድ ቢመዝን፣ ሁለቱ ብስክሌቶች 30፣ 30 ቢሆኑ ድምሩ 110 ነው። ገና በሁለት ተራ ብስክሌት ወሰኑ አልፏል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ብቻውን ከ50 እስከ 70 ፓውንድ ይመዝናል። አራት ኤሌክትሪክ ብስክሌት ባለ 60 ፓውንድ ሲሆን 240 ነው፤ ከነመጫኛው ወደ 300 ይጠጋል። ለዚህ ጠንካራ ባለ 2 ኢንች ሂች ያስፈልጋል።

ብስክሌት ደግሞ እንደ ተሳቢ ጎማ የለውም። ክብደቱ በሙሉ የተንጠለጠለው ከኋላ ነው፤ የመጨረሻው ብስክሌት ከሁሉም ይርቃል። ከባዱን ብስክሌት ወደ መኪናው አስጠግታችሁ ጫኑ። የመጫኛውን መመሪያም አንብቡ፤ ከማራዘሚያ ጋር አትጠቀሙ የሚሉ ብዙ ናቸው። እንደ ጂፕ ራንግለር ስኮርቱ ውጪ ላለ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት የሚገባውን ርቀት በሜትር ለኩ። ክንዱ ከፍ ብሎ የሚያልፍ መጫኛ ብትገዙ ማራዘሚያው ላያስፈልግም ይችላል። ካስፈለገም ለሥራው የምትበቃችሁን አጭሯን ግዙ።

ማራዘሚያው የግድ ከሆነ

የሴፍቲ ሰንሰለቶቹን መኪናው ላይ ባለው ሂች ጆሮ እሰሩ። ማራዘሚያው ላይ ካሰራችኋቸውና ፒኑ ቢወልቅ ማራዘሚያውም ተሳቢውም አብረው ይሄዳሉ፤ ሰንሰለቱ ምንም አልያዘም። ካጠሩ አቅሙ በተጻፈበት ሰንሰለት አስረዝሟቸው፤ ከሃርድዌር ቤት በተገኘ ተራ ቀለበት አይሆንም። ከተሳቢው አፍንጫ ስር አቆላልፏቸው። ተሳቢው ከመኪናው ቢለይ የተሳቢውን ፍሬን የሚይዘው ቀጭን ሽቦም እንዲሁ መኪናው ላይ ይታሰር። የመብራቱ ገመድ ማስረዘሚያ ይሸጣል፤ ተወጥሮ እንዳይነቀል፣ ረዝሞም መሬት እንዳይጎተት።

ከመኪናው ስር ያለው ቁመትም ይቀንሳል። ከቤታችሁ ዳገታማ መውጫ ላይ ጫፉ አስፋልት እንዳይፍቅ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ብዙ የተሳቢ ጎማዎች የተሠሩት በሰዓት እስከ 65 ማይል ነው፤ በማራዘሚያ ከዚያም ዝቅ በሉ። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፣ መሪውንም ለማረም አትሽቀዳደሙ። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ካላችሁ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ያዙት።

ከተነሳችሁ በኋላ በመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ ቁሙና ፒኖቹን በእጃችሁ ንኩ። ከጉዞ ስትመለሱ ደግሞ ማራዘሚያውን ነቅላችሁ የሂቹን አፍ በባትሪ እዩት። ብየዳው ዙሪያ ቀለሙ በቀጭኑ ከተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ላይ ዝገት ካለ፣ ወይም አፉ ወደ ታች ከተከፈተ በዚያ ሂች ምንም አትጎትቱ። ይቀየር።